አየሩን ለክቼ መሬቱን ስረሳ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን መጠምጠሙን አስቀደምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው።

መምህራችን ስለ ፐርማፍሮስት ሲያስተምሩን ግማሾቻችን ሳቅን። ፐርማፍሮስት ማለት ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከዜሮ ዲግሪ ሳያልፍ የሚቆይ መሬት ነው። ቡናና እንሰት በሚበቅልበት ዲላ ተቀምጦ ይህን ማጥናት ምን ይፈይዳል? እኔን ግን ከነከነኝ። በበረዶ ዘመን የባሌ ተራሮች ፐርማፍሮስት ነበራቸው ወይ የሚል ሞዴል ለመመረቂያ ጽሑፌ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ።

ስሌቱ ቀላል መሰለኝ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር አየሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ዲላን በ20 ዲግሪ ጀምሬ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ ስቀንስ 3 ዲግሪ ገደማ ቀረኝ። ለበረዶ ዘመን ደግሞ 5 ዲግሪ ቀነስኩ። ከዜሮ በታች! ካርታዬን በሰማያዊ ቀባሁና በኩራት ለአማካሪዬ አቀረብኩ። እሳቸውም አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉበት፦ «አየሩን ለካህ፤ መሬቱስ?»

እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። በታኅሣሥ ቡሌ፣ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ የለም። አያቴ ድንቹን በቅጠል እናልብሰው አሉኝ። እኔም ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ቴርሞሜትር አይቼ «4 ዲግሪ ነው፤ ውርጭ አይመጣም፣ ይተኙ» አልኳቸው። አመኑኝ፤ ተማሪ ነኛ! ሲነጋ የድንቹ ቅጠል ሁሉ ጠቁሮ አደረ። አያቴ አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ ድንቹ የበቀለው ግድግዳው ላይ ነው እንዴ?» ብቻ አሉ።

የአማካሪዬ ጥያቄ የገባኝ ያኔ ነው። በጠራ ሌሊት መሬት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ቀን ደግሞ በኛ አገር ፀሐይ ከአየሩ በላይ ይግላል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በባሌ ሳኔቲ አምባ መሬት ውስጥ መለኪያ ቀብረው ያገኙት ይህንኑ ነው፦ በበጋ ሌሊት የሚረጋው የላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ብቻ ነው። በዚያው አምባ ግን እስከ 1 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ የድንጋይ ረድፎች አሉ። እንዲህ ያለውን ረድፍ የሚሠራው ጠልቆ የሚገባ ውርጭ ስለሆነ፣ አየሩ በ5 ዲግሪ መቀዝቀዙ ብቻውን አይፈታውም። እንቆቅልሹም ሞዴሌም እዚያ ላይ ቆሙ። በስዊዘርላንድ ተራሮችም ቢሆን ሞዴል የሚታመነው እንደ ሙርቴል ባሉ፣ ከ1987 ጀምሮ በሚለኩ ጉድጓዶች ሲፈተን ነው።

አሁን ሰማያዊው ካርታ ተቀዷል። አንዱን ቴርሞሜትር ከአያቴ ድንች ሥር ቀብሬዋለሁ፤ ማታ ማታም ቁጥሩን የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። እናንተም ሞዴል የጀመራችሁ ጓደኞቼ፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንዴ ጎንበስ በሉና መሬቱን ንኩት።

ቸር ይግጠመን!