የእህታችን ጣት እና የእህታችን ክንድ

እኛ ቤት የሰኞ ጠዋት ዜና የሚሰማው ከሬዲዮ ሳይሆን ከእህታችን ጣት ነበር። ጣቷን ወጋ ታደርጋለች፣ ጠብታ ደም ስትሪፑ ላይ ታሳርፋለች፣ ብዙም ሳይቆይ መሣሪያዋ ቁጥር ታወጣለች። ከ2 እስከ 3 ከሆነ ቡና ይፈላል። ካለፈ እማዬ ትጸልያለች። መሣሪያዋን ከዋሽንግተን የላከችልን አክስታችን ናት፤ ልጅቷ ላብራቶሪ ስትሰለፍ አትኑር፣ ክንዷም አይበሳሳ ብላ።

ቁጥሩ አይ.ኤን.አር ይባላል፤ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ይናገራል። እህታችን ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። (ዋርፋሪን መጀመሪያ ገበያ የወጣው የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው። እማዬ አታውቅም፤ እንዳትነግሯት።) ቁጥሩ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይፈሳል። ጎመን እንኳ ያዛባዋል፤ ቫይታሚን ኬ ስላለው። በፆም ወራት እኛ ቤት ስለ ጎመን የሚደረገውን ድርድር ብታዩት!

አንድ ሰኞ ታዲያ መሣሪያዋ 4.6 አለች። ራሳችንን ሐኪም አደረግንና የዚያን ማታ ክኒኑን አስዘለልናት። በነጋታውም። ረቡዕ ሐኪሟ ዘንድ ከክንዷ ደም ተቀዳ፤ 1.7። በዚያው ሰዓት ከጣቷ ስንለካ 3.3። ከሁለት ዓመት በፊት እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባዋ ሄዶ ልናጣት ነበር። አሁን ደግሞ በገዛ እጃችን ወደዚያው እየመለስናት ነበር ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ማናችንም አልተናገርንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህታችን ሉፐስ አለባት፤ ከሱ ጋር ደግሞ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም። የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ የሚነሳበት ሕመም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ለንደን ውስጥ ስለሱ በጻፉት በዶክተር ግርሃም ሂውዝ ስምም ይጠራል። ደሟ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ሰውነቷ ውስጥ ደም ያረጋሉ። ስትሪፑ ላይ ደሙን እንዲያረጋ የተቀመጠው ኬሚካል ደግሞ ፎስፎሊፒድ አለበት። ፀረ እንግዳ አካላቱ እዚያም ይለጠፉና መርጋቱን ያዘገዩታል። መሣሪያዋ ምን ታድርግ? ዘገየ፣ እንግዲያው ደሙ ቀጥኗል ትላለች። ከነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት የአንዱ ስም ራሱ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ማለት። ሰው ውስጥ ደም እያረጋ! ስም ያወጣለት ሰው ብልቃጡን እንጂ በሽተኛውን አላየም።

ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ቢሆን ቀንሰን እንኖር ነበር። በሌላ ሳምንት ስናመሳክር ግን 3.1 ከጣት፣ 2.6 ከክንድ ሆነ። በምን ሒሳብ ትቀንሱታላችሁ? ላብራቶሪውም ቢሆን እንደሚጠቀመው ኬሚካል አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ለጥርጣሬ ጊዜ ክሮሞጀኒክ ፋክተር 10 የሚባል ፎስፎሊፒድ የማያስፈልገው ምርመራ አለ፣ በየሰፈሩ የሚገኝ ግን አይደለም። የመሣሪያዋ መመሪያም ማስጠንቀቂያውን ጽፎት ነበር፤ በደቃቅ ፊደል። እኛ ያነበብነው ባትሪው እንዴት እንደሚገባ ነው።

ቁጥር የማያስቆጥሩት አዳዲስ ክኒኖችስ? ጠየቅን። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣ የጣሊያን ጥናት ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪን ጋር ሲያወዳድር፣ ሦስቱም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነባቸው እንደ እህታችን ያሉ ሰዎች በአዲሱ ክኒን ብዙ ስለረጋባቸው ቀድሞ ተቋርጧል። ስለዚህ ዋርፋሪን፣ ስለዚህ ሰልፍ።

መሣሪያዋን ግን አልጣልናትም። ጎረቤታችን ጋሼ ልባቸው ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለ፤ እሳቸውም ዋርፋሪን ይወስዳሉ፣ የእህታችን ዓይነት ሕመም ግን የለባቸውም። ከላብራቶሪ ጋር ስናመሳክርላቸው 2.7 ከጣት፣ 2.8 ከክንድ። ሰጠናቸው። አክስታችን በደወለች ቁጥር «መሣሪያው ይሠራል?» ትላለች።

«ኧረ በደንብ!» እንላታለን። እህታችን ያን ጊዜ ላብራቶሪ ተሰልፋለች።