የሊቃውንት መጻሕፍትና የመርካቶ ገበያ

በመርካቶ እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ተራ አለው። ሸማ የፈለገ ወደ ሸማ ተራ፥ ሳጥን የፈለገ ወደ ሳጥን ተራ፥ በርበሬ የፈለገ ወደ በርበሬ በረንዳ ይሄዳል፤ ያገለገለ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚሻውም ቢሆን ምናለሽ ተራ ገብቶ ባዶ እጁን አይመለስም። ይህ ገበያ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አሁኑ ስፍራው ከተዛወረ ወዲህ ያልገባበት ዕቃ የለም ለማለት ያስደፍራል። ታዲያ ሊቃውንት ለዓመታት ደክመው የሚጽፉት አዲስ መጽሐፍ፥ የታሪኩ፥ የቋንቋው፥ የትምህርቱና የሳይንሱ፥ ተራው የት ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው።

«የሊቃውንት መጽሐፍ ከበርበሬና ከጨርቅ ጋር ምን አገናኘው? ቦታው ቤተ መጻሕፍት አይደለምን?» የሚሉን ይኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቦታው ቤተ መጻሕፍት ነው። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚገኘውን ቤተ መጻሕፍት በር የማይረግጠው ሕዝብ እጅግ ይበዛል። እንደ እኛ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ወደ መሥሪያ ቤት የገባ ጸሐፊ፥ በገጠር ከተማ የሚያስተምር መምህር፥ ፈተናውን የሚጠባበቅ ተማሪ፥ እነዚህ ሁሉ የሚያስፈልጋቸውን ነገር የሚያገኙት ወይም የሚያስገዙት ከመርካቶ ነው። መጽሐፉ እዚያ ካልደረሰ ለእነርሱ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወዳጃችን፥ ባልደረቦቹ ከደመወዛቸው ያዋጡትን ገንዘብ ከአምስት መጻሕፍት ዝርዝር ጋር ላከልን። አንዱ የታሪክ፥ አንዱ የሰዋስው፥ አንዱ የትምህርት አሰጣጥ፥ አንዱ የዕፅዋት፥ አንዱ የሒሳብ ነበር። መምህራኑ እየተቀባበሉ ሊያነቧቸው፥ ከዚያም ለትምህርት ቤቱ ሊያስቀምጧቸው ተስማምተው ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ውለን ሰዋስውን አንድ ሰው ካነበበው በኋላ፥ ታሪኩን ደግሞ ጥቂት ገጾች ተጐድለውበት አገኘን። የቀሩትን ሦስቱን ግን ስማቸውን የሰማ እንኳ አልተገኘም። አንድ ሻጭ ዝርዝራችንን ተቀብሎ በትሕትና ካነበበ በኋላ፥ «ጋሼ፥ እነዚህ ለፈተና ይመጣሉ?» ሲል ጠየቀን። እንደማይመጡ ብንነግረው፥ «እንግዲያው አምጥቼ ለማን እሸጣቸዋለሁ?» አለን። ይህ ሰው መጽሐፍ ጠል ሆኖ አይደለም፤ የሱቁን ኪራይ የሚከፍለው ከሚሸጠው ዕቃ ነውና። ወዳጃችንም ሁለቱ መጻሕፍት ሲደርሱት አመሰገነና፥ በተረፈው ገንዘብ የፈተና ጥያቄና መልስ የያዙ ጥራዞች ገዝተን እንድንልክለት ጻፈልን። እነዚያን ለማግኘት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

ከዚህ ተነሥቶ «በአገራችን የሚጽፍ ሊቅ የለም» ማለት ግን ግፍ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመው ያወጡት በ1904 ዓ.ም. ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሠዉለት፤ እርሳቸውም መታተሙን ሳያዩ ቢያልፉ አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ጨመሩልን። አንድን መጽሐፍ ሦስት ትውልድ ተቀባብሎ ሲፈጽመው ማየት ለማንም አንባቢ ትምህርት ነው። ከዚያም ወዲህ ፕሮፌሰር ባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው»ን በ1987፥ ፕሮፌሰር ፈቃደ አዘዘ «የሥነ ቃል መምሪያ»ን በ1991፥ ዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ን በ1992 ዓ.ም. አቅርበውልናል።

በሳይንስ በኩል ስናይ ደግሞ ድካሙ ታላቅ፥ ርቀቱም የዚያኑ ያህል ታላቅ ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚመዘግበው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲፈጸም ስምንት ቅጽ ሆኗል፤ የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት በኅብረት የደከሙበት ነው። ያንሰን የተባለ የሆላንድ ሊቅም ስለ ኢትዮጵያ ቅመሞችና የመድኃኒት ዕፅዋት የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳትሟል። መርካቶ ቅመም ከሚሸጥበት ስፍራ ቆሞ ኮረሪማ የሚያስመዝን ሰው፥ ያ ፍሬ በሳይንስ ቋንቋ «አፍራሞመም ኮሮሪማ» እንደሚባል፥ የገበያው ስም በዓለም ሊቃውንት መዝገብ እንደ ገባ ቢሰማ ምን ያህል ይደነቅ ይሆን! ጤፍም እንዲሁ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ተብሎ የአገሩን ስም ይዞ ይኖራል። ስሙ ከእኛ ዘንድ ሄደ፤ ስሙን የያዘው መጽሐፍ ግን ወደ እኛ ገበያ አልተመለሰም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ታላቅ ኢንሳይክሎፒዲያም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ መጽሐፉን ከአንባቢው የለዩት ምክንያቶች ሦስት መስለው ይታዩናል። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ሊቁም የሚጽፈው በዚያው ነው። ሁለተኛው ዋጋ ነው፤ ጥቂት ቅጅ ብቻ የታተመ መጽሐፍ ዋጋው ይወደዳል፥ የተወደደውም ገዢ ያጣል፥ ገዢ ያጣውም ዳግመኛ አይታተምም። ሦስተኛው፥ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚብሰው፥ ወሬው አለመሰማቱ ነው። የታተመ ሁሉ ቅጅው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ገቢ እንዲሆን በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል፤ በልማድ ወመዘክር የምንለው ይህ ቤት ከተመሠረተ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሀብት አከማችቷል። ነገር ግን መጽሐፍ በመደርደሪያ መቀመጡ አንድ ነገር፥ መውጣቱን መምህሩና ነጋዴው መስማታቸው ሌላ ነገር ነው። ሰው ስሙን ያልሰማውን መጽሐፍ ሊጠይቅ አይችልም፤ ነጋዴም ያልተጠየቀውን አያመጣም።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ቋንቋውንና ዋጋውን በአንድ ቀን ማቃናት አይቻልም፤ ወሬውን ማሰማት ግን ዛሬውኑ ይቻላል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚወጡ መጽሔቶች በየወሩ አንድ ገጽ ለአዳዲስ የጥናት መጻሕፍት ቢሰጡ፥ የመጽሐፉን ስም፥ የደራሲውን ስም፥ ዋጋውንና የሚገኝበትን ስፍራ ቢገልጹ ወጪው ኢምንት ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሊቃውንትም የድካማቸውን ፍሬ በጥቂት ገጽ በአማርኛም ሆነ በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች አሳጥረው ቢያቀርቡ፥ ዕውቀታቸው ሳይቀንስ አንባቢያቸው ይበዛል። ርእሰ መምህራንም ለትምህርት ቤታቸው መጽሐፍ ሲያዝዙ ከፈተናው ጥራዝ ጎን አንድ የጥናት መጽሐፍ ቢጨምሩ ተማሪው ከጥያቄና መልስ ባሻገር ሰፊ ዓለም መኖሩን ያያል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እያንዳንዳችን ልንፈጽመው የምንችለው ቀላል ነገር አለ። መርካቶ ጠያቂ ያለውን ዕቃ ከሩቅ አገርም ቢሆን አስመጥቶ የሚያቀርብ ገበያ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በተቀበለ ማግሥት፥ መምህሩ ለዕረፍት አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፥ ተማሪውም ደብተር ሊገዛ በሄደበት ቀን፥ ወደ መጽሐፍ ሻጩ ጎራ ብሎ የአንድ አዲስ የጥናት መጽሐፍ ስም ጠርቶ ይጠይቅ። አንዱ ቢጠይቅ ሻጩ ይስቅ ይሆናል፤ አሥሩ ቢጠይቁት ስሙን ይጽፈዋል፤ መቶው ቢጠይቁት ያስመጣዋል።