የዋላው ምልክትና የዔሳው ልብስ

ዋላ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በመዝሙረ ዳዊት ውኃ የሚናፍቀው እንስሳ ነው። በሀገራችን ዱር እውነተኛ ዋላ የለም፤ አጋዘን የምንለውም ቀንዱን በየዓመቱ የማይጥል ሌላ ወገን ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ግን ባለ ነጭ ጅራቱ ዋላ ጓሮ ድረስ ይመጣል። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የሆንን ጥቂት ወንድሞችም ፈቃድ አውጥተን ማደን ከጀመርን ቆይተናል።

ወንዱ ዋላ የመራቢያው ወቅት ሲቃረብ ቀንዱን በለጋ ዛፍ ላይ እየፈተገ ቅርፊቱን ይልጣል፤ ከግንባሩ ዕጢ የሚወጣው ጠረንም እዚያው ይቀራል። ደግሞ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ፈልጎ በአፉና በግንባሩ ይነካካዋል፤ ከሥሩ ያለውን መሬት በኮቴው ጭሮ ይሸናበታል። ሌላው ዋላ መጥቶ ያሸታል፤ ማን እንዳለፈ ያውቃል። አብዛኛው ጉብኝት የሚሆነው በሌሊት ነው።

አዳኞች ይህንን ምልክት በእጃቸው ይሠራሉ። እኛም የጫካ ዳር እንመርጣለን፤ የላስቲክ ጓንትና ቦቲ አድርገን፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ ካለው ቅርንጫፍ ሥር ቅጠሉን ጠርገን አፈሩን እናወጣለን። ከአንድ ለጋ ዛፍም ቅርፊቱን በሞረድ እንፍቃለን፤ በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃልና። በጠርሙስ የሚሸጠውን የዋላ ሽንት አንጨምርም። ቨርጂኒያ ከ2015 ጀምሮ ለአደን እንዳይውል ከልክላዋለች። ምክንያቱ ዋላን አመንምኖ የሚገድል፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው፤ ፕሪዮን የተባለው መንስኤው በሽንትና በምራቅ ይወጣል፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ሥጋ ፍለጋ ወጥቶ መንጋውን መበከል ምን ዓይነት አደራ ጠባቂነት ነው?

ይህንን ስናወራ የሰሙ አንዲት እናታችን፣ «ልጆቼ፣ ታዲያ ይሄ ማታለል አይደለም እንዴ?» አሉን። ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ለኖኅ ሥጋን እንደፈቀደ ነገርናቸው። «እሱን አውቃለሁ፤ እኔ የምላችሁ ስለ ያዕቆብ ነው» አሉ።

እውነትም ያ ታሪክ የአደን ታሪክ ነው። ይስሐቅ ዔሳውን አድኖ እንዲያመጣለት ላከው፤ ያዕቆብ ግን የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ የፍየል ጠቦት ቆዳ በእጁና በአንገቱ አድርጎ ገባ። ዓይኑ የፈዘዘው አባት ድምፁን ተጠራጠረ፤ እጁን ዳስሶ፣ ልብሱን አሽትቶ ባረከው። የሌለ ሰው ጠረን! በዋላና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ግልጽ ነው፤ ዋላው ሊበላ የተፈቀደ እንስሳ ነው፣ ሰው ግን በእውነት ሊነገረው የሚገባ የእግዚአብሔር አምሳል ነው። የእናታችን ጥያቄ ግን ከጫካው አልፎ ተከተለን።

በዚያው ሳምንት ለጎረቤቶች የሚበተን የጥሪ ወረቀት ይዘጋጅ ነበር። ረቂቁ «ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት» ይላል፤ ቀጥሎ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንዳለ ግን አይናገርም። አንዳንዶች፣ «መጀመሪያ ይምጡ እንጂ፣ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» አሉ። እኛ አልተስማማንም፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ሁለቱም በእኩል ፊደል ተጻፉ፤ ጥናቱ በፈቃደኝነት እንደሆነም ታከለበት።

ከሚመጡት ሁለቱ ትምህርቱ እንዳለቀ ጃኬታቸውን ይለብሳሉ። በር ድረስ እንሸኛቸዋለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይመጣሉ።