የክት ጫማ ሳጥን ውስጥ፣ ተረከዝ መንገድ ላይ!

የዛሬው መንገዳችን ወደ ከሚሴ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ፣ በብርድ ተሸፋፍኖ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሞቃት ነው። ስለዚህ አገር የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው የቦርከናን ወንዝ፣ የጨፋን ረግረግና ለምለም ሣር፣ የገበያውን ድምቀት ነው። አይፈረድበትም፣ ያምራል! እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ የሰው እግር ሳይ ነው የከረምኩት። የዛሬው ጉዳያችን የሚያመው እግርና የሚስማማው ጫማ ነዋ!

«እግር የሚያመው ሰው አዲስ አበባ ጠፍቶ ነው ከሚሴ ድረስ የተሄደው?» እንዳትሉኝ። አማራ ክልል ውስጥ ባለው በዚህ የኦሮሚያ ዞን እግር ማለት እንጀራ ነው። እሁድ ሰንበቴ ይቆማል፤ ስሙ ራሱ ቀኑን ይናገራል። ሰኞ ደግሞ ባቲ ነው። ባቲ ለመሄድ ከከሚሴ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮምቦልቻ መድረስ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ ነው። እዚያ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ግመሉንም ፍየሉንም እህሉንም ይዞ ይገናኛል። ባቲ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ለገበያተኛው ግን ባቲ ፀሐይና ጠጠር ነው። ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከደዌ ሐረዋ፣ ከጅሌ ጥሙጋ ገጠር የሚመጣው ሰው መኪና እስኪያገኝ ድረስ በእግሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መስመር ሲያልፍም ስንቱ ቤተሰብ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወጥቷል። እዚህ አገር እግሩ የከዳው ሰው ከገበያ ቀረ ማለት ነው፤ ከገበያ የቀረ ሰው ጓዳ ደግሞ ምን እንደሚመስል መቼም አልነግራችሁም።

ከሚሴ ላይ ያጫወቱኝ አንዲት እናት ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ሃምሳን ሳያልፉ አይቀሩም። «ልጄ፣ ጠዋት ከመኝታዬ ተነስቼ መሬት ስረግጥ ምስማር ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል፤ ከገበያ መልስ ደግሞ ይብሳል» አሉኝ ተረከዛቸውን እያሻሹ። ሁለት እሁድ ሰንበቴ ሳይሄዱ ቀርተዋል። እግራቸውን አየት ሳደርግ ያደረጉት ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ነጠላ ጫማ ነው። «እማማ፣ ሌላ ጫማ የለዎትም እንዴ?» ብላቸው ሳቁ።

አለ! ልጃቸው ከአረብ አገር የላከችላቸው ስኒከር አለ። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ተረከዙ ድጋፍ ያለው ደህና ጫማ ነው። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለዒድ ነው! ለዒድና ለሠርግ። «እሱን አድርጌ ቅቤ ልሽጥ? ሰውስ ምን ይለኛል?» አሉኝ።

እንግዲህ የአገራችን ነገር ይኸው ነው። ጥሩው ለክት፣ መናኛው ለአዘቦት። ለልብስ ደግ ልማድ ነው፤ ነጠላ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ የሚጎዳ አካል የለም። እግር ለሚያመው ሰው ግን ነገሩ መገልበጥ አለበት እላለሁ። በዒድ ቀን ሰው ሰግዶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። ተረከዝ ፍዳዋን የምታየው በገበያ ቀን ነው፤ ሸክሙ ያለው፣ ጠጠሩ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ መቆሙ ያለው ያን ቀን ነው። ታዲያ ደህናው ጫማ መውጣት ያለበት መቼ ነው?

የእኚህን እናት ዓይነት ሕመም ብዙ ሰው አለበት። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ ጅማት መሰል ነገር አለ። ሰው ብዙ ሲቆም፣ ሸክም ሲያበዛ፣ ሲወፍር፣ ወይም በሳሳ ጫማ ደረቅ መሬት ላይ ሲውል ተረከዙ ጋ ያለው ጫፉ ይጎዳል። ሌሊት እግር ሲያርፍ ይኮማተራል፤ ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ድንገት ይወጥረዋል፤ ያ ነው ምስማሩ! ስለዚህ ጠዋት በባዶ እግር ሲሚንቶ አለመርገጥ፣ አልጋ ሥር ወፈር ያለ ሸበጥ ማዘጋጀት ደግ ነው። ከመነሳት በፊት የእግርን ጣቶች በእጅ ወደ ራስ ሳብ ማድረግም ይረዳል። ሌላም አለ፦ ግድግዳ ተደግፎ አንዱን እግር ወደ ኋላ ማስቀረት፣ ጉልበቱን ሳያጥፉ ተረከዙን መሬት አስነክቶ ለ30 ሰከንድ መቆየት፣ ሦስት ጊዜ መደጋገም። ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አስበርዳችሁ በውስጥ እግራችሁ እያንከባለላችሁ እሹት፤ ገንዘብ አያስወጣ! ሕመሙ የሚለቀው ቀስ እያለ ነው፤ ወራት ይፈጃል። በየቀኑ በዚያችው በሳሳች ነጠላ ጫማ ከተሄደ ግን የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። በዚህ መስመር ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ጫማ «አይረባም» ብሎ ማለፍ የከተማ ሰው ትዕቢት ነው። ለምሳሌ በረባሶን ተመልከቱ። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራ ነው፤ የግራር እሾህ አይበሳውም፣ በዚህ አገር ደግሞ እሾህ ቀልድ አይደለም። (ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶልሬብልስ የበረባሶን ሐሳብ ይዞ ነው ባሕር ማዶ ድረስ ጫማ የሸጠው።) ችግሩ ድርቅናው ነው። ጎማው የመሬቱን ምት አያበርድም፤ ለውስጥ እግር ጎድጓዳውም ምንም ድጋፍ የለው። በዚያ ላይ ሲያረጅ ምስማሩ ወደ ላይ ብቅ ይላል፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ከቶ መዳበስ ነው። ቆዳ ወይም ጠንከር ያለ ስፖንጅ በማስቲሽ ከላይ ሲለጠፍበት ግን ሌላ ጫማ ይሆናል። ይህንን ማንኛውም ጫማ ሰፊ ይሠራዋል።

ኮንጎ ጫማ ለጨፋ ጭቃ በክረምት የሚስተካከለው የለም። በበጋ ግን እግርን ይቀቅላል፤ በላቡ ጣት መሀል ይልጣል። ተረከዝ ለሚያመው አልመክርም።

ሰልባጁ ስኒከር ነው ዋናው። እውነቱን ለመናገር እግር ለሚያመው ሰው ከሁሉ የሚሻለው እዚህ ክምር ውስጥ ነው፤ የሚያታልለውም እዚሁ ነው። የስሙን ነገር ተዉት፣ ምልክቱ ከየትም ሊለጠፍ ይችላል። ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አካሄድ ነው፤ እናንተንም እንደዚያው ያስኬዳችኋል። ከዚያ የኋላውን፣ ተረከዝ የሚያቅፈውን ክፍል በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት፤ ጠንከር ብሎ መመለስ አለበት፣ እንደ ጨርቅ ከተጣጠፈ ተዉት። ቀጥሎ ጫፉንና ተረከዙን ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችን በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ ወገቡ ላይ አይደለም። እንደ ፎጣ ቢጠመዘዝም አይረባም። በመጨረሻ ሶሉን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ መልኩ አዲስ ሆኖ ስፖንጁ ድንጋይ የሆነ ጫማ ብዙ ነው፤ ጫማ ባይለበስም ያረጃል።

ቁጥር አትመኑ። 39 የተባለው ጫማ ከአንዱ ፋብሪካ 38 ነው፣ ከሌላው 40። ደግሞ እግር በዕድሜም በእርግዝናም ሊሰፋ ይችላል፤ የዛሬ አሥር ዓመት ቁጥራችሁን ይዛችሁ አትከራከሩ። ሁለቱ እግሮቻችሁም እኩል ላይሆኑ ይችላሉና በትልቁ ነው የሚገዛው። ከፊት፣ ከረዥሙ ጣት ቀጥሎ የአውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት። የአውራ ጣታችሁ ሥር አጥንቱ ወደ ጎን ያበጠ ከሆነ ሹል ጫማን እርሱት! ገበያ መሄድ ለማይችል ሽማግሌ የሚገዛ ልጅ ካለ አንዲት ዘዴ ላቀብለው። አባትየው ቀኑ ሲመሽ ካርቶን ላይ ይቁሙ፣ እግራቸው ዙሪያውን በእርሳስ ይሰመር፣ ይቆረጥ። ካርቶኑ ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ ካልተዘረጋ ጫማው አይሆናቸውም። ካርቶን ይሉኝታ የለውም፤ ሰው ግን ልጁን ላለማስቀየም «ልክ ነው» ይላል።

ከሰዓት በኋላ መግዛት ይሻላል፤ እግር ቀኑን ሲውል ያብጣልና። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ግን ከአውቶቡስ እንደወረዳችሁ አትግዙ። ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጣችሁ እግራችሁ ከልክ በላይ ነፍቷል፤ ሻይ ጠጡ፣ ተንሸራሸሩ፣ ከዚያ ለኩ።

ስለ ልክ ከተነሳ አይቀር፣ አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጫማ የሚሰጠው ጠፍቶ አይደለም፤ የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦም አሸነፈ። እንግዲህ ለእሱ እግር ያልሆነው አዲስ ጫማ እንደዚያ ከሆነ፣ ሻጩ «ሲለበስ ይሰፋል» ሲላችሁ ምን እንደምትመልሱ እናንተ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከሚሴ ላይ ነው ያስተዋልኩት፤ የጫማ ምክር የሚሰጥ ሰው ይረሳዋል። እዚህ አገር ብዙው ሰው ሙስሊም ነው። በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል፣ ዉዱእ ሲያደርግ እግሩን ይታጠባል፣ መስጊድ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። እንዲህ ያለውን ሰው «ባለ ክር ጫማ አድርግ» ብትሉት ምን ያደርጋል? የኋላውን በተረከዙ ረግጦ እንደ ሸበጥ ይጎትተዋል! መስጊድ በር ላይ ከተደረደረው ጫማ ስንቱ ኋላው ተጨፍልቋል። የጫማው ዋና ድጋፍ ያለው ደግሞ እዚያው ነው፤ ከተጨፈለቀ የተረፈው ውድ ነጠላ ጫማ ነው። አንድ የከሚሴ መምህር መፍትሔውን አሳይተውኛል። ክሩ ላይ ቋጠሮ የለም፤ በወፍራም ላስቲክ ቀይረውታል። ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ የሾርባ ማንኪያ አለ። በእጀታው ተረከዛቸውን ሸርተት አድርገው ይገባሉ። «ተማሪዎቼ ምሳ ይዤ የምዞር ይመስላቸዋል» ብለው አሳቁኝ። ከኋላ ማንገቻ ያለው፣ ሶሉ ወፈር ያለ ሰንደልም ለዚህ አገር ሙቀት ጥሩ ነው። ዝግ ጫማ የሚያደርግ ሰው ግን ከዉዱእ በኋላ ጣቶቹን መሀል መሀሉን ያድርቅ፤ እርጥብ እግር ተሸፍኖ ሲውል ፈንገስ ያበቅላል።

ጫማ ሁሉን አያድንም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ከደነዘዘ ወይም ቁስሉ አልድን ካለ፣ አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ መርገጥ ካቃተ የሚኬደው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወጌሻ ዘንድ አይደለም። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ጫማ ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳብስ። የማይሰማው እግር ጠጠር ይዞ ይውላል።

ወደዚያ መስመር ለመሄድ ያሰባችሁ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ፤ እነዚህ ዓመታት አይታመኑም።

ቅቤ ነጋዴዋን እናት ብዙ ተከራከርኳቸው። ጎረቤታቸውም አገዙኝ፤ «አንቺ፣ ዒድ ሲመጣ እግርሽ ከሌለ ጫማውን ማን ሊያደርገው ነው?» አሏቸው። በመጨረሻ ሳጥኑ ተከፈተ። እኔም መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት፣ በማግስቱ እስከ ሱቅ ድረስ፣ ከዚያ ነው ሰንበቴ አልኳቸው፤ አዲስ ጫማ በአንድ ቀን ረዥም መንገድ አይወጣበትም። የቀራቸው ጥያቄ አንድ ነበር። «ለዒድ ቆሽሾ ይቆየኛላ?» ይታጠባል እማማ! ሶሌታውን ማውጣት፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ በብሩሽ ማሸት፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ሥር ማድረቅ። ፀሐይ ላይ እንዳይሰጡት ብቻ፤ የከሚሴ ፀሐይ ማስቲሹን ያላቅቀዋል።