ስኳርን ይዞ ድሬ መውረድ

ሐኪሙ «ስኳር አለብህ» ካለህ ገና ወር አልሞላህም፤ እጅህም መርፌውን አልለመደም። የጓደኛህ ሠርግ ደግሞ ድሬዳዋ ነው፤ አንተም ሚዜ ነህ። ልትቀር ነው? ኧረ በጭራሽ!

ከአዲስ አበባ በብርድ የተነሳው አውቶቡስ አዋሽ ሲደርስ ወበቁ ይቀበልሃል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ አይጫን፣ ከእጅህ አይለይ። በረዶ ላይም አታስተኛው፤ ከረጋ ዋጋ የለውም።

መኪና ተበላሽቶ ምሳ ቢዘገይስ? ተወግተህ ካልበላህ ያልብሃል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ትዘባርቃለህ። ቶሎ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለህ ድገም፤ ከዚያ ዳቦ ብላ። አጠገብህ ለተቀመጠው ሰው አስቀድመህ ንገረው። አለዚያ «ሰክሯል» ብሎ ይተውሃል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። ራስህን ከሳትክ በአፍህ ምንም ሳይሰጥህ ሐኪም ቤት እንዲያደርስህም ንገረው።

ድሬ ስትገባ ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር እግርህን አፍታታ። ያረፍክበት ቤት ፍሪጅ ከሌለ ብልቃጡን በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ቋጥረህ፣ ውሃ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ቦታ አኑረው። ጠዋት ፈጢራ ሲቀርብልህ «ያለ ማር፣ ትንሽ» በል፤ ማንም አይቀየምህም። በሠርጉ ማታም በባዶ ሆድ አትጠጣ፤ መጠጥ ሌሊት ስኳርህን ያወርደዋል።

ከሠርግ የሚያስቀረው ስኳሩ አይደለም፤ መደበቁ ነው።