ቀይ ውሃና ጥቁር ውሃ

ከሶዶ ከተማ ወደ ሁምቦ ቁልቁል እንውረድ። የዳሞታ ተራራ ከኋላችን ይቀራል። በስተግራ ሰፊ ውሃ ይታያል። ይህ የአባያ ሐይቅ ነው።

የአባያ ውሃ ቀላ ያለ ነው። ለምን ቀላ? ክረምት ሲገባ ጎርፍ የኮረብታውን አፈር ይጠርጋል። የብላቴ ወንዝና ሌሎች ወንዞች አፈሩን ተሸክመው ሐይቁ ውስጥ ይከቱታል። ቆሮሶና አምባዛ በዚያ ቀይ ውሃ ይኖራሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር እንሻገር። ሱማትራ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። እዚያ በረግረግ ደን ውስጥ የረገፈ ቅጠል በደንብ ሳይበሰብስ ይከማቻል። ስለዚህ ውሃው እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ይኮመጥጣልም። በ1998 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በዚህ ውሃ ያገኙትን ዓሣ ለዓለም አስታወቁ። ስሙ ፔዶሲፕሪስ ይባላል። አንዲት ለመውለድ የደረሰች እንስት ስትለካ 7.9 ሚሊሜትር ብቻ ሆነች። የገብስ ፍሬ ታክላለች ማለት ነው። ከዓለም ትንንሽ ዓሦች አንዷ ናት።

ይህች ዓሣ ድርቅ ሲመጣ በቀረችው ጥቂት ውሃ ትቆያለች። ድርቅን ትችላለች። የሰውን ቦይ ግን አትችልም። ሰዎች ውሃውን በቦይ አፍስሰው ረግረጉን አደረቁ። ደኑን መንጥረው የፓልም ዛፍ ተከሉ። ከገበያ የምንገዛው የፓልም ዘይት ከዚህ ዛፍ ፍሬ ይወጣል። የደረቀው የቅጠል ክምር ደግሞ እሳት ይይዛል። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው ቃጠሎ ጭሱ ጎረቤት አገሮችን ሸፈነ።

«ታዲያ ይህች ሚጢጢ ዓሣ ለእኛ ምናችን ናት?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ አንድ ነው። መሬትና ውሃ አይለያዩም። እዚያ ውሃው ሲፈስ ዓሣዋ ቤቷን አጣች፤ መሬቱም ነደደ። እኛ ዘንድ አፈሩ ሲሄድ ማሳው ይሳሳል፤ ሐይቁም ደለል ይጠራቀምበታል።

መድኃኒቱ ግን በእጃችን ነው። ሁምቦን ተመልከቱ። ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ጠበቁ። ከተቆረጡት ዛፎች ጉቶ አዲስ ቡቃያ ወጣ። ኮረብታው እንደገና ደን ለበሰ። ሥሩ አፈሩን ያዘ።

ለውይይት፦ በእናንተ ቀበሌ ጎርፉ አፈሩን ከማን ማሳ ይወስዳል? ወዴትስ ያደርሰዋል? እርከኑን ከየት እንጀምር?