ማርም ይቆረጣል፣ ቅርንጫፍም ይቆረጣል

ሊሙ ገነት ውስጥ ጓሮዬ ጥቂት ቡና አለኝ፤ ከቡናው በላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ዋንዛ። ዋንዛው ለቡናው ጥላ ነው። ልኩን ሲያልፍ ግን ጥላነቱ ይቀርና ጣራ ይሆናል። ስለዚህ ለቀማው አልቆ ጥር ሲገባ፣ ዝናብ ጠብ ብሎ ቡናው ሳያብብ፣ ቅርንጫፉ መሳሳት አለበት።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጎበዝ ቀጥሬ በምሳር አሳሳሁት። ጎበዙ ከላይ «ዞር በሉ!» አለ፤ እኛ ዞር አልን፣ ቡናው አልቻለም። ስድስት እግር ቡና መሬት ላይ ተኛ። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ያ ቅርንጫፍ ለመውደቅ ሁለት ሰከንድም አልፈጀበት። ሒሳቡን ባለቤቴ በዝርዝር አስረዳችኝ።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ አዛውንት ናቸው። አጥር ተደግፈው ፍርስራሹን አዩና፣ «ልጄ፣ ማር ሲወርድ ይወረወራል እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ በገመድ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ እንጨቱ ምን በደለ?»

በእኛ አገር ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ማር ቆራጩ ማሩን በገመድ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። አማርኛው ራሱ «ማር ቆረጠ» ይላል። ቅርንጫፍ ቆራጭ ከማር ቆራጭ ምነው ሳይማር ቀረ?

በሚቀጥለው ጥር ሽማግሌው ከሥር ቆመው አሠሩን። ገመዱ ከሚቆረጠው ቅርንጫፍ በላይ ባለ ጠንካራ ባላ ላይ አለፈ። አንዱ ጫፉ ቅርንጫፉን አነቀ፤ ሌላው ወርዶ በዋንዛው ግንድ ሁለት ጊዜ ተጠመጠመ። ከቅርንጫፉ ጫፍ ሌላ ቀጭን ገመድ ታሰረ፤ ወዴት እንደሚዞር የሚመራው እሱ ነው። መጋዙ በመጀመሪያ ከሥር ትንሽ ይነክሳል፤ አለበለዚያ ቅርፊቱ እስከ ግንዱ ይላጣል።

እኔ ገመዱን መዳፌ ላይ ጠቅልዬ ቆሜያለሁ። «እጅህን ፍታ! ቅርንጫፉ ሲወርድ አንተ ልትወጣ ነው?» አሉኝ። «የሚይዘው ግንዱ ነው፤ አንተ ታግዘዋለህ እንጂ።»

ይህን ነገር ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቀመር አስቀምጦታል፤ በግንድ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ዙር የሚይዘውን ኃይል ያባዛዋል። እንደ ገመዱና እንደ ቅርፊቱ ይለያያል እንጂ፣ ሰበቃው መካከለኛ ከሆነ 100 ኪሎ ለመያዝ በአንድ ዙር 15 ኪሎ ያህል፣ በሁለት ዙር ከ3 ኪሎ ያነሰ ጉልበት ይበቃል። ጎረቤቴ ኦይለርን አያውቁትም፤ ኦይለርም ሊሙን አላየም።

የገመዱን የዘር ሐረግ ስቆጥር ደብረ ዳሞ ደረስኩ። ትውፊቱ አቡነ አረጋዊን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዘንዶ ወደ አምባው አወጣቸው ይላል፤ ዛሬም ወደ 15 ሜትር የሚጠጋውን ገደል ሰው የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። ከዘንዶ በኋላ ጠፍር፣ ከጠፍር በኋላ ናይለን መጣ። ናይለን እንኳ የተሠራው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ጠንካራ ነው፤ ሻካራ ቅርፊት ላይ በፍጥነት ሲሮጥ ግን ይግልና ይቀልጣል። የውጭ አገር ዛፍ ቆራጮች ገመዱን በመዘውር የሚያሳልፉት፣ ግንዱም ላይ ማጠምጠሚያ ብረት የሚያስሩት አንድም ለዚህ ነው።

ከማሩ ያልተማርነው ግን አለ። ማር ቀላል ነው፤ የዋንዛ ቅርንጫፍ ግን ገመዱ ላልቶ ቆይቶ ድንገት ቢይዘው የክብደቱን ብዙ እጥፍ ይመታል። ስለዚህ ገመዱ ሳይወጠር መጋዝ አይነሳም። በዚያ ጥር አንድም ቡና አልተሰበረም፤ የተላጠው የእኔ መዳፍ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኔ «በሬ ላስርበት» ብለህ ገመዴን የወሰድክ ወዳጄ፣ ይህን ካነበብክ ጥር ሳይገባ መልስልኝ። ቋጠሮውን አትቁረጠው፤ ይፈታል።